የቅርጫት ኳስ ክለቦች የዝውውር ውሳኔ በምን ይመዘን?

በአሜሪካ ብሔራዊ የቅርጫት ኳስ ማኅበር (ኤን.ቢ.ኤ.) ውስጥ ክለቦች የሚያስተላልፏቸው የተጫዋች ምልመላና ልውውጥ ውሳኔዎች ከዓመታት በኋላም የትችት ርዕስ ሆነው ይዘልቃሉ። ይሁንና ውጤቱ ከታወቀ በኋላ የሚሰነዘር ትችት «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንዳይሆን፣ ውሳኔው መመዘን ያለበት በተላለፈበት ዕለት በእጅ በነበረው መረጃ ነው። ሦስት የታወቁ አጋጣሚዎች ይህንኑ ያስረዳሉ።

የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1984 የተካሄደው የአዳዲስ ተጫዋቾች ምልመላ ነው። ሂውስተን በአንደኛ ተራ ሐኪም ኦላጁዋንን ሲወስድ፣ ሁለተኛውን ተራ የያዘው ፖርትላንድ ሳም ቦዊን መረጠ። ማይክል ጆርዳን በሦስተኛ ተራ ለቺካጎ ደረሰ። ጆርዳን ቺካጎን ለስድስት ጊዜ ለሻምፒዮንነት ሲያበቃ፣ ቦዊ በተደጋጋሚ የእግር ጉዳት ሳቢያ በፖርትላንድ በቆየባቸው አምስት የውድድር ዘመናት የተሰለፈው በ139 ጨዋታዎች ብቻ ነው።

ፖርትላንድ የጆርዳንን ስድስት ዋንጫዎች አስቀድሞ ባለማየቱ ሊወቀስ አይገባም። በ1983 በጆርዳን ቦታ የሚጫወተውን ክላይድ ድሬክስለርን በመመልመሉ፣ የጎደለው ረጅም የመሐል ተጫዋች ነበር። ተገቢው ጥያቄ ሌላ ነው። ቦዊ በዩኒቨርሲቲ ሳለ በእግር ጉዳት ሁለት ሙሉ የውድድር ዘመናት ከሜዳ መራቁ በምልመላው ዕለት ይታወቅ ነበር።

ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ2013 በብሩክሊንና በቦስተን መካከል የተደረገው ልውውጥ ነው። ብሩክሊን የ37 ዓመቱን ኬቨን ጋርኔትንና የ35 ዓመቱን ፖል ፒርስን ለማግኘት የ2014፣ የ2016 እና የ2018 የመጀመሪያ ዙር የምልመላ ተራዎቹን አሳልፎ ሰጠ፤ ለ2017ም ተራ የመለዋወጥ መብት ጨመረ። ክለቡ ቢዳከም ተራዎቹን የሚያስቀርለት ቅድመ ሁኔታ ግን አላስቀመጠም። በአሠራሩ መሠረት ደካማ ውጤት ያስመዘገበ ክለብ የተሻለ የምልመላ ዕድል ስለሚያገኝ፣ የብሩክሊን መዳከም ለቦስተን ትርፍ ሆነ። ቦስተን በ2016 ጄይለን ብራውንን በሦስተኛ ተራ መረጠ፤ በ2017 ያገኘውን አንደኛ ተራ ደግሞ ለፊላደልፊያ ለውጦ በሦስተኛ ተራ ጄሰን ቴተምን መለመለ። ሁለቱ ተጫዋቾች ቦስተንን በ2024 ለሻምፒዮንነት አብቅተዋል። የተጫዋቾቹ ዕድሜም ሆነ ዋስትና የሌለው ውል በፊርማው ዕለት የተሰወሩ ስላልነበሩ፣ በዚህ ረገድ ትችቱ ተገቢ ነው።

ሦስተኛው አጋጣሚ በጎ ዕድል እንኳ ውሳኔን ትክክል እንደማያደርግ ያሳያል። ዳላስ በፌብሩዋሪ 2025 በቀደመው የውድድር ዘመን ለፍጻሜ ያደረሰውን የ25 ዓመቱን ሉካ ዶንቺችን ለሎስ አንጀለስ ሌከርስ ሰጥቶ የ31 ዓመቱን አንተኒ ዴቪስን፣ ማክስ ክሪስቲንና የ2029 የመጀመሪያ ዙር ተራን ተቀበለ። በስፋት እንደተዘገበው፣ ክለቡ ተጫዋቹን ለሌሎች ክለቦች አቅርቦ የተሻለ ዋጋ አላፈላለገም። ከጥቂት ወራት በኋላ ዳላስ 1.8 በመቶ ብቻ ዕድል በነበረው ዕጣ አንደኛውን ተራ አግኝቶ ኩፐር ፍላግን መረጠ። ይህ የዕጣ ውጤት እንጂ የልውውጡ ፍሬ አልነበረም። ዋና ሥራ አስኪያጁ ኒኮ ሃሪሰንም በኖቬምበር 2025 ከኃላፊነታቸው ተነሥተዋል።

ከእነዚህ አጋጣሚዎች ለማንኛውም ገምጋሚ የሚጠቅሙ ሦስት ጥያቄዎች ይወጣሉ። በዕለቱ የታወቀው ስጋት ምን ነበር? ለስጋቱ ምን ዋስትና ተቀመጠ? ሌሎች አማራጮችስ ተፈልገዋል? ለእነዚህ አጥጋቢ መልስ ያለው ውሳኔ ውጤቱ ባያምርም ውሳኔ ሰጪውን ሊያስወቅሰው አይገባም፤ መልስ የሌለው ግን ዕድል ቢቀናውም ከተጠያቂነት አያመልጥም።