የሸክላ ዳግም እትሞችን ማነጻጸር፦ የ«ካይንድ ኦቭ ብሉ» አብነት

የጃዝ ሸክላ ሰብሳቢዎች የአንድን አልበም ልዩ ልዩ እትሞች በጋራ እያደመጡ ማነጻጸራቸው ለሙዚቃ ጥናትም ፋይዳ አለው። የማይልስ ዴቪስ «ካይንድ ኦቭ ብሉ» ለዚህ አስረጂ ነው። አልበሙ በኒውዮርክ እ.ኤ.አ. በ1959 ማርች 2 እና ኤፕሪል 22 ተቀዳ። በመጀመሪያው ቀን ዋናው የቴፕ መቅጃ ከመደበኛው ፍጥነት ዝግ ብሎ ይዞር ነበር። በዚህም ምክንያት ቴፑ በመደበኛ ፍጥነት ሲጫወት የሸክላው አንደኛ ገጽ ሦስት ሥራዎች ፈጠን ይላሉ፤ ድምፃቸውም ሩብ ቶን ያህል ከፍ ይላል። ስሕተቱ ከ30 ዓመታት በላይ በእትሞቹ ዘለቀ። በ1990ዎቹ ግን በትክክለኛ ፍጥነት ከተቀዳው መጠባበቂያ ቴፕ የታረሙ እትሞች ወጡ።

ስለዚህ ሁለት ተመራማሪዎች ስለ አንድ ቅጂ ጽፈው የተለያየ ቴምፖና የድምፅ ከፍታ ሊለኩ ይችላሉ። ይሁንና የቀድሞው እትም ስሕተት ስላለበት ብቻ የሚጣል አይደለም፤ ለአሥርተ ዓመታት የተደመጠው እርሱ ነውና። በስቱዲዮ የተጫወቱትን የሚመረምር ጥናት የታረመውን፣ አልበሙ በአድማጮች ዘንድ ያሳደረውን ተጽዕኖ የሚመረምር ደግሞ የቀድሞውን ሊይዝ ይገባል። በሁለቱም ረገድ ከአልበሙ ስም ጋር እትሙና የወጣበት ዓመት መጠቀስ አለባቸው።