ቦርድ ስለሚባለው የእንግሊዝኛ ቃል

ልጆቻቸውን እንግሊዝኛ የሚያስተምሩ ወላጆች፥ አንድ ቃል ብዙ ትርጓሜ እንዳለው ይረዱ ዘንድ፥ ቦርድ የሚባለውን ቃል ለምሳሌ እናቀርባለን።

ቦርድ ማለት አስቀድሞ ሳንቃ ነው። ከሳንቃ ገበታ ስለሚሠራ ገበታውም ቦርድ ተባለ፤ ኋላም በገበታው ላይ የሚቀርበው ምግብ በዚሁ ስም ተጠራ። በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው የሚመክሩ ሰዎች ጉባኤም ቦርድ ይባላል። መምህር የሚጽፍበት ጥቁር ሰሌዳና የሰንጠረዥ መጫወቻውም በዚሁ ስም ይጠራሉ።

ይህ ነገር ለእኛ እንግዳ አይደለም። በቋንቋችን ገበታ ስንል ምግብ የሚቀርብበት ነው፤ ሕፃን ፊደል የሚቈጥርበትም ገበታ ነው፤ ጠጠር የሚጫወቱበት ባለ ጕድጓድ እንጨትም ገበታ ነው። ነገር ግን የእኛ ገበታ የሸንጎ ስም ሆኖ አያውቅም። ስለዚህ ሁለቱ ቃላት ቢመሳሰሉም በሁሉ ስፍራ አይተካኩም።

ትርጓሜውን ለይቶ አለማወቅ የሚጐዳው በውል ጊዜ ነው። ልጁን ለትምህርት ወደ እንግሊዝ አገር ልኮ በሰው ቤት የሚያሳድር አባት፥ በውሉ ላይ ቦርድና ሎጂንግ የሚል ቢያነብ፥ ፊተኛው ምግብ፥ ኋለኛው ማደሪያ ነው። ሎጂንግ ብቻ ተጽፎ ቢያገኝ ግን የልጁ ቀለብ በዋጋው ውስጥ አልተቈጠረም፤ ይህን ሳያስተውል ቢፈርም ልጁ በባዕድ አገር ይቸገራል።

እንግዲህ ልጆች ቃልን ለብቻው ሳይሆን ከነባልንጀራው እንዲያጠኑ ወላጆች ይምከሯቸው እንላለን።