የተልባ እግር አንሶላ ዋጋውን ያህል ይጠቅማልን?

ተልባን የማያውቅ ቤተ ሰብ የለም። በጾም ወራት ተቈልቶና ተወቅጦ፥ በውሃ ተበጥብጦ፥ እንጀራ ይፈተፈትበታል፤ ሆድ የደረቀበትም ሰው ይጠጣዋል። ዳሩ ግን ከዚሁ ተክል ልብስ እንደሚሠራ ብዙዎቻችን ልብ አንለውም፤ የካህናተ ኦሪት ልብስ፥ የአርማትያሱም ዮሴፍ ጌታን የገነዘበት በፍታ ከዚሁ የተገኘ መሆኑን በየጊዜው ሲነበብ እየሰማን ማለት ነው። «የተልባ እግር» ሲባል እግር የተባለው አገዳው ነው።

ይህን እንድንጽፍ ያነሣሣን በቤታችን የደረሰ ነገር ነው። እናታችን አልጋ ላይ በዋሉበት ዓመት ሌሊት ሌሊት ላብ ያጠምቃቸው ነበር። የተልባ እግር አንሶላ ለእንዲህ ያለው ሕመምተኛ ይስማማል ሲባል ሰምተን፥ መጠቅለያው ላይ በእንግሊዝኛ «ሊነን» የሚል ቃል የተጻፈበትን አንሶላ ከአንድ ሱቅ ደኅና ገንዘብ ከፍለን ገዛንላቸው። በማግሥቱ፥ «ልጄ፥ ይኼ ነገርህ እንደ ላስቲክ ገላዬ ላይ ይለጠፋል፤ ያንን አሮጌውን አቡጀዲ መልስልኝ» አሉን። ጠርዙን ገልበጥ አድርገን በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን ብናነብ 100 በመቶ ፖሊስተር ይላል።

ስሕተቱ የእኛ ነበር። እንግሊዞች የአልጋን ጨርቅ ሁሉ በጅምላው «ቤድ ሊነን» ይሉታል፤ በቀድሞ ዘመን በእርግጥ ከተልባ እግር ይሠራ ነበርና ጨርቁ ቢለወጥም ስሙ ቀረ። ስለዚህ ገዢ የሆነ ሰው በመጠቅለያው ላይ በጕልህ የተጻፈውን ስም ሳይሆን፥ በጠርዙ ላይ ከየትኛው ክር ስንት በመቶ እንደ ገባበት የሚናገረውን ትንሿን ጽሑፍ ያንብብ። በውጭ አገር ያለ ዘመድ እንዲልክልን ስንጠይቅም ይህንኑ ለይቶ መንገር ያስፈልጋል።

ጽሑፍ የሌለው እንደሆነ ከጠርዙ ሁለት ሦስት ክር መዝዞ በእሳት መፈተን ይቻላል። ፖሊስተር ይቀልጥና ሲበርድ እንደ ጠጠር ይደርቃል፤ ጥጥና የተልባ እግር ግን እንደ ወረቀት ነድደው ልስልስ አመድ ይሆናሉ። ሁለቱን ደግሞ ዐይንና እጅ ይለያቸዋል። የተልባ እግር ክር አንዳንድ ስፍራ ወፈር፥ አንዳንድ ስፍራ ቀጠን ይላል፤ ሲዳስሱት ይቀዘቅዛል፤ በጭብጥ ጨምድደው ሲለቁትም እንደ ተጨማደደ ይቀራል። ከቶ የማይጨማደድ ቢያጋጥም መጠራጠር አይከፋም። ጥሩው በብርሃን ፊት ሲዘረጋ ሽመናው ሳይሳሳ እኩል ሆኖ ይታያል፤ ለአንሶላ በካሬ ሜትር ከ150 እስከ 200 ግራም የሚመዝነው ይስማማል። ሻጮች ስለ ክር ብዛት የሚጠሩት ቍጥር ለጥጥ እንጂ ለዚህ አይረዳም፤ ክሩ ወፍራም ነውና።

ውድ የሆነበት ምክንያት አለው። በአገራችን ተልባ የሚዘራው ለፍሬው ስለሆነ አጭርና ባለ ብዙ ቅርንጫፍ ነው። ለልብስ የሚሆነው ግን በሰሜን ፈረንሳይ፥ በቤልጅግና በሆላንድ ተጠጋግቶ እየተዘራ አንድ ሜትር ያህል ቀጥ ብሎ ያድጋል። ሲደርስ አይታጨድም፤ ከነሥሩ ይነቀላል። ከዚያ በኋላ በእርሻው ላይ እንደ ተነጠፈ ጤዛና ዝናም እየመታው ለሳምንታት ይሰነብታል፤ ይህም ቃጫውን ከእንጨቱ ጋር ያጣበቀው ሙጫ እንዲበሰብስ ነው። ቀጥሎ ይደቅቃል፥ ይበጠራል፥ ይፈተላል። ይህን ሁሉ ድካም ያየ ሰው፥ ዋጋው የጥሩ ጥጥ አንሶላ እጥፍና ከዚያም በላይ መሆኑ አይገርመውም።

ጥቅሙም የታወቀ ነው። ላብን ቶሎ ይጠጣል፥ ቶሎም ይደርቃል። ሲረጥብ ከደረቀው ይልቅ ይጠነክራልና በእጥበት ብዛት አይሸነፍም። መጀመሪያ ላይ ግን ሻካራ ነው፤ እየታጠበ ነው የሚለሰልሰው። በረኪና አይንካው፤ ለብ ባለ ውሃ ታጥቦ፥ ጥቂት እርጥበት ሳለው ይተኰስ። በመደርደሪያም ሁልጊዜ በአንድ መስመር ላይ የሚታጠፍ ከሆነ ክሩ በዚያው ላይ ይሰበራልና፥ አስተጣጠፉን መለዋወጥ ይገባል።

እንግዲህ ይገዛ ወይስ አይገዛ? በደብረ ብርሃን ብርድ ጋቢ ደርቦ ለሚያድር ሰው ጥሩ የጥጥ አንሶላ ይበቃዋል፤ በዚያው ገንዘብ ሁለት ቢገዛ ይሻለዋል ባዮች ነን። በድሬዳዋ፥ በአዋሽ፥ በጋምቤላ ወይም በዐረብ አገር ሙቀት ለሚያድር፥ ላብም ለሚያስቸግረው፥ ገንዘቡ ካለው ይግዛ። ተበድሮ ግን አይሆንም። ሙሉውን የአልጋ ልብስ ከመግዛት በፊትም አንድ የትራስ ልብስ ገዝቶ አንድ ወር ቢተኛበት ጕንጩ ይነግረዋል።

እናታችን የመጨረሻውን ክረምት አንድ ዘመዳችን በላከልን እውነተኛ የተልባ እግር አንሶላ ላይ ተኙ። «ይኼስ ጥሩ ነው፤ ግን ለምን እንዲህ ተጨማደደ?» ይሉ ነበር። አንሶላው ዛሬም በቤታችን አለ። መካከሉ ሲሳሳ ባለቤታችን ከመሐሉ ቀድደው፥ ዳርና ዳሩን ወደ መካከል አምጥተው ሰፉት፤ ከተረፈውም ቍራጭ ሁለት የትራስ ልብስ ወጣው።