ፀሐይና ጊዜ ፍሳሽን እንዴት ያጠራሉ?

ቆቦ ላይ ልብስ የታጠበበትም፣ ገላ የታጠቡበትም፣ ሽንት ቤት የገባውም ውሃ መጨረሻው መሬት ነው። ቆቦ ባለችበት በራያ ሜዳ ደግሞ መሬቱ ራሱ የውሃ ማጠራቀሚያ ነው። እንደ ጎሊናና ሆርማት ያሉ ወንዞች ከምዕራቡ ደጋ ጠጠር፣ አሸዋና ደለል እያግበሰበሱ እስከ ዞብል ተራሮች ባለው ሜዳ ላይ ለዘመናት ሲከምሩ ኖረዋል። ጎርፉ በዚህ ልቅ አፈር ውስጥ ይሰርጋል። የቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራም ጥልቅ ጉድጓድ እያስቆፈረ ለመስኖ ያዋለው ይህንኑ የሰረገ ውሃ ነው። ፍሳሹን የት እናድርገው ማለት እዚህ አገር ነገ ምን እንጠጣ፣ ምን እናጠጣ ማለትም ነው።

የሽንት ቤት ጉድጓድ አይበቃም?

ቤቶች ሲራራቁ አፈሩ ያግዛል። የወስፋት እንቁላል ተጣርቶ ይቀራል፤ ተሕዋስያንም ደቃቅ አፈር ውስጥ ቀስ እያሉ ሲያልፉ ብዙዎቹ ይሞታሉ። ጠጠር ላይ ግን ውሃው ይፈጥናል። ናይትሬት ደግሞ ሟሙቶ ከውሃው ጋር ስለሚጓዝ አፈር አይዘውም፤ ሲበዛ በተለይ ለጨቅላ ሕፃናት አደገኛ ነው። ቤት ከቤት ሲጠጋጋ ፍሳሹን ሰብስቦ ማጣራት ግድ ይላል።

ያለ ሞተር ይጣራል?

ይጣራል። በ1970ዎቹ አዲስ አበባ ቃሊቲ ላይ የተሠራው የፍሳሽ ማጣሪያ የሚሠራው በተከታታይ ኩሬዎች ነበር። በኋላ በቀን 100 ሺህ ሜትር ኩብ እንዲያጣራ ሆኖ በሌላ ዘዴ ተስፋፋ። ለትንሽ ከተማ ግን ኩሬው አሁንም ይስማማል።

ፍሳሹ መጀመሪያ በብረት ወንፊት ያልፋል፤ ፌስታሉና ጨርቁ እዚያው ይቀራል። የመጀመሪያው ኩሬ ከ2 እስከ 5 ሜትር ይጠልቃል። ከባዱ ነገር እንደ ጠላ አተላ ይዘቅጣል፤ አየር የማይፈልጉ ባክቴሪያዎችም ይበሉታል። ላዩ ላይ ቡልቅ ቡልቅ የሚለው አረፋ ከዚያ የሚወጣው ጋዝ ነው።

ሁለተኛው ከ1 እስከ 2 ሜትር የሚጠልቅ አረንጓዴ ኩሬ ነው። አረንጓዴ ያደረገው አልጌ በፀሐይ ኃይል ኦክስጅን ያመርታል፤ ባክቴሪያዎቹ በዚያ እየተነፈሱ የተረፈውን ቆሻሻ ይበላሉ፤ እነሱ የሚያወጡትን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደግሞ አልጌው መልሶ ይወስዳል። ቀትር ላይ አልጌው ካርቦኑን ስለሚሻማ የውሃው ፒኤች ከ9 በላይ ሊወጣ ይችላል፤ ብዙ የአንጀት ባክቴሪያ ይህን አይችልም።

የመጨረሻው ኩሬ ጥልቀቱ ከ1 ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ ፀሐይ ዘልቃ ገብታ ተሕዋስያኑን እንድትገድል ነው። የወስፋት እንቁላል በፀሐይ ቶሎ አይሞትም፤ ክብደቱ ወደ ታች እንዲያወርደው ከ8 እስከ 10 ቀን የረጋ ውሃ ይፈልጋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ1989 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ጥሬውን ለሚበላ አትክልት በሚውል የመስኖ ውሃ አንድ ሊትር ውስጥ ከ1 እንቁላል በላይ እንዳይኖር ይላል። ስለዚህ ኩሬ በዓይን አይዳኝም፦ ሳይቆይ የወጣ ጥሩ የሚመስል ውሃ በሽታ ሊይዝ፣ አረንጓዴ ሆኖ የወጣው ደግሞ የተሻለ ሊሆን ይችላል።

ቆቦ ላይ ምን ይለያል?

ሙቀቱ ረዳት ነው፤ ቆሻሻውን የሚበሉት ባክቴሪያዎች ሲሞቃቸው ሥራ ያፋጥናሉ። ግን ያው ሙቀት ውሃውን ያተንና ጨውን ጥሎ ይሄዳል፤ ለመስኖ መሬት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ወለሉ በተጠቀጠቀ ሸክላ አፈር ወይም በፕላስቲክ ካልተሸፈነ ኩሬው ራሱ ትልቅ የሽንት ቤት ጉድጓድ ይሆናል። የጎርፍ መንገድ ላይ መሠራት የለበትም። ዳር ዳሩ ሣር ከበቀለ ትንኝ ይራባል፤ ድንጋይ ይነጠፍበት፣ ሣሩም ይነቀል።

እንግዲህ ማጣሪያ ሊሠራላችሁ ነው ሲባል ሦስት ጥያቄ ያዙ፦ ወለሉ በምን ይሸፈናል? ውሃው ስንት ቀን ይቆያል? ከዓመታት በኋላ ዝቃጩን ማን፣ በማን ወጪ ያወጣል? መልሱ ከተሟላ የሚወጣው ውሃ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ የያዘ ስለሆነ ማዳበሪያ ይቆጥባል። እስኪመረመር ድረስ ግን ለማሽላና ለከብት መኖ ይዋል፤ ቲማቲሙ ይቆይ።