የበጋ ጎማ በኩርባ ላይ፦ የሦስት ኪሎ ሜትር ብልጫ

በጀርመን አገር ብዙ የመኪና ባለቤቶች በዓመት ሁለት ጊዜ ጎማ ይለውጣሉ። በኦክቶበር ገደማ የክረምቱን፣ በፋሲካ ሰሞን ደግሞ የበጋውን ያስገጥማሉ። እዚህ ላይ «በጋ» ስንል ሙቀት የሚበረታበትን የአውሮፓ ወቅት እንጂ እንደ አገራችን ዝናብ የማይጥልበትን ጊዜ ማለታችን አይደለም። ከበጋ ጎማዎች መካከል ለፈጣን መኪናዎች የሚሠሩት ውድ ዓይነቶች «ኩርባ ላይ መንገድ አይለቁም» እየተባሉ ይሞገሳሉ። ይህ ሙገሳ እንዴት ይለካል? ለአሽከርካሪውስ ሕይወት ምን ያህል ዋስትና ይሆናል?

ኩርባ ላይ ያለ መኪና በየቅጽበቱ አቅጣጫውን ይለውጣልና በኒውተን ሕግ መሠረት ወደ ኩርባው መሀል የሚስበው ኃይል ያስፈልገዋል። በደልዳላ መንገድ ላይ ይህን ኃይል የሚሰጠው ሰበቃ ነው። ሰበቃውም የሚመነጨው እያንዳንዳቸው የመዳፍ ያህል ስፋት ካላቸው አራት የጎማና የአስፋልት መገናኛዎች ብቻ ነው።

ፈረንሳዊው ጊዮም አሞንቶን እ.ኤ.አ. በ1699 ሰበቃ ከጭነት ጋር እኩል እንደሚያድግና በመገናኛው ስፋት እንደማይወሰን ገልጾ ነበር። ላስቲክ ግን ለዚህ ሕግ ሙሉ በሙሉ አይገዛም። በአንድ በኩል ከአስፋልቱ ጋር በሞለኪውል ደረጃ ይጣበቃል፤ በሌላ በኩል የአስፋልቱን ጥቃቅን እብጠቶች ሲያልፍ እየተጨመቀና እየተለጠጠ ጉልበትን ወደ ሙቀት ይለውጣል። ጭነቱ በበዛ መጠንም የሰበቃ ኃይሉ ለጭነቱ ያለው ጥምርታ ይቀንሳል። ጎማው ሰፋ ተደርጎ የሚሠራበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ለስላሳው የላስቲክ ቅመምም የሚሠራው በሙቀት ነው፤ አየሩ ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በታች ሲወርድ ላስቲኩ ይጠጥርና ብልጫውን ያጣል።

ጎማዎችን ለማወዳደር አንዱ መንገድ አንድን መኪና በተለካ ክብ መንገድ ላይ ሳይንሸራተት በሚችለው ከፍተኛ ፍጥነት ማዞር ነው። የጎማው የአየር ግፊት እኩል መሆን አለበት። አስፋልቱ በሙከራው መካከል ሊሞቅ ወይም ሊቀዘቅዝ ስለሚችልም አንድ የማነጻጸሪያ ጎማ በመጀመሪያና በመጨረሻ ይፈተናል።

የክቡ ሬዲየስ 40 ሜትር ይሁን እንበል። አንዱ ጎማ ዙሩን በ13.0፣ ሌላው በ13.6 ሴኮንድ ቢጨርስ፣ ፍጥነቱን በራሱ አባዝተን ለሬዲየሱና ለመሬት ስበት (9.8) ብዜት ስናካፍል የመጀመሪያው 0.95፣ ሁለተኛው 0.87 ጥምርታ ይሰጡናል። ብልጫው 9 በመቶ ገደማ ነው። ወደ ፍጥነት ስንመልሰው ግን በሰዓት 69.6 እና 66.5 ኪሎ ሜትር እናገኛለን፤ ልዩነቱ 3 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው!

ምክንያቱ ግልጽ ነው። የሚያስፈልገው ሰበቃ የሚያድገው በፍጥነቱ ልክ ሳይሆን ፍጥነቱ በራሱ ሲባዛ በሚገኘው ልክ ነው። በዚሁ ኩርባ በ60 ኪሎ ሜትር ለሚገባ አሽከርካሪ 0.71 ይበቃዋል፤ ሁለቱም ጎማዎች ይህን ይሰጡታል። በ80 ለሚገባው ግን 1.26 ያስፈልገዋል፤ ይህን ከሁለቱ አንዱም አይሰጠውም። ዝናብ ጥሎ ጥምርታው ወደ 0.6 ቢወርድ ደግሞ የፍጥነቱ ወሰን 55 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ቀድሞ አስተማማኝ የነበረው 60 እንኳ መኪናውን ከመንገድ ያወጣዋል።

የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ በአዳዲስ ጎማዎች ላይ እንዲለጠፍ ያዘዘው መግለጫ በእርጥብ መንገድ ላይ ያለውን አያያዝ በደረጃ ያሳያል። ሆኖም ያ ደረጃ የሚለካው በፍሬን እንጂ በኩርባ አይደለም። ስለዚህ ገዢው ደረጃውን አይቶ ስለ ኩርባ እርግጠኛ ሊሆን አይችልም።

እንግዲህ ጥሩ ጎማ ጥቅም የለውም አንልም፤ ጥቂት ኪሎ ሜትሮችም ሕይወት የሚያተርፉበት ጊዜ አለ። ነገር ግን ያንን ብልጫ ለፍጥነት መጨመሪያ ያዋለው አሽከርካሪ ለክፉ ቀን ያስቀመጠውን ስንቅ አስቀድሞ በልቶታል። ሕጉ በአልፕስ ተራሮችም ሆነ በዓባይ በረሃ ጠመዝማዛ መንገድ አንድ ነው፦ ከጎማው ምርጫ ይልቅ ኩርባው ከመድረሱ በፊት ፍጥነት መቀነስ ይበልጣል።