በእንቁጣጣሽ የተጀመረ ዳይት መስቀልን ለምን አይሻገርም?

የዛሬ ሁለት ዓመት በጳጉሜ መንገድ ዳር ሚዛን ይዞ ከሚቀመጥ ልጅ ዘንድ ቆምኩ። ጫማዬን አወለቅኩ፤ ሞባይሌንና ቁልፌንም ከኪሴ አወጣሁ፣ የሚያከብዱኝ እነሱ ይመስል። ልጁ አላፊ አግዳሚው እስኪሰማ "84!" ብሎ ጮኸ። ከመስከረም 1 ጀምሮ ዳይት፣ ብዬ ወሰንኩ። መስከረም 1 እናቴ ቤት ዶሮው ቀረበ። "ዳይት ላይ ነኝ እኮ" ብላት "በዓመት በዓል? ነገ ትጀምራለህ" አለችኝ። በማግስቱ የቅርጫው ሥጋ ጥብስ ሆኖ መጣ። መስቀል ሲደርስ ዳይቱን የሚያስታውስ ሰው አልነበረም፤ እኔን ጨምሮ።

እንዲህ ሲሆን ቀድሞ የሚመጣው ፍርድ "ቆራጥ አይደለህም" የሚል ነው። ስለ ኪሎ መቀነስ ከሚባሉት ሁሉ የከፋው ስህተት ይሄ ይመስለኛል። እኔው ራሴ ሁዳዴን 55 ቀን ሥጋና ወተት ሳልነካ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ ሳልቀምስ እጾማለሁ። ሰውየው ያው ነው፤ የተለየው ዙሪያው ነው። በጾም ልኳንዳው ይዘጋል፣ ጎረቤቱም የቢሮ ባልደረባውም ይጾማል፣ "ብላ በሞቴ" የሚል የለም፣ የሚፈታበትም ቀን ይታወቃል። ዳይት ግን ብቻን የሚጾሙት፣ ፋሲካ የሌለው ጾም ነው። ያውም እምቢ የሚባለው "አንድ ጉርሻ ያጣላል" በሚባልበት ገበታ ላይ ነው። ተሳክቶለት ለቀነሰም ምስጋና የለውም፤ የወፈረውን "ተመችቶሃል" ያለ ዘመድ የከሳውን "ምነው፣ አሞህ ነበር?" ይለዋል።

ሰውነትም የራሱ ተቃውሞ አለው። እ.ኤ.አ. በ1945 በአሜሪካ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ አንሴል ኪስ የተባለ ተመራማሪ 36 ጤነኛ ወጣት በጎ ፈቃደኞችን ለ24 ሳምንት በቀን 1,570 ካሎሪ ገደማ ብቻ እየመገበ አጠናቸው። ዛሬ በየስልኩ ከሚዞሩት ዳይቶች ብዙዎቹ ከዚህም ያነሰ ያዝዛሉ። ወጣቶቹ ከክብደታቸው ሩብ ያህሉን አጡ። ግን ይበርዳቸው ጀመር፣ ይነጫነጩ ጀመር፣ ወሬያቸውም ሕልማቸውም ምግብ ሆነ፤ አንዳንዶቹ የምግብ አሠራር መጻሕፍት ይሰበስቡ ነበር። እንደልባቸው እንዲበሉ ሲፈቀድላቸው ያጡትን ስብ ከነትርፉ መለሱት። እነዚህ ሰዎች ከብዙ አመልካቾች መካከል በጽናታቸው ጭምር የተመረጡ ነበሩ።

ምክንያቱ ዛሬ በተሻለ ይታወቃል። ስብ ሲቀንስ "ጠግበሃል" የሚለውን መልእክት ወደ አንጎል የሚያደርሰው ሌፕቲን የተባለ ሆርሞን ይቀንሳል፤ ከጨጓራ የሚመነጨውና የሚያስርበው ግሬሊን ደግሞ ይጨምራል። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ፣ አውስትራሊያ ውስጥ በ50 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት ይህ ለውጥ ከዓመት በኋላም ወደ ቦታው እንዳልተመለሰ አሳይቷል። ስለዚህ ማታ ማታ የሚያባንነው ረሃብ የባሕርይ ጉድለት አይደለም።

"በመጀመሪያው ሳምንት 3 ኪሎ ጣልኩ" የሚለውም ደስታ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሰውነት በጉበትና በጡንቻ ያስቀመጠው የስኳር ክምችት በክብደቱ ሦስት እጥፍ ያህል ውሃ ይዞ ይቀመጣል። እንጀራውን በድንገት ሲያቆሙ መጀመሪያ የሚወጣው ያ ውሃ ነው፤ ሲመለሱበትም ይመለሳል። ቦርጩ አልተነካም።

"የጾም ምግብ አያወፍርም" የሚሉ አሉ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ ነው። ሽሮው ላይ ስንት ማንኪያ እንደሚገባ፣ ሳምቡሳውና ቦምቦሊኖው ምን ውስጥ እንደሚጠበስ ቆሞ ያየ ሰው የቀረውን ይደምረው።

"21 ቀን ብቻ ታገስ፣ ከዚያ ልማድ ይሆናል" የሚለው ምክር ደግሞ ከምግብ ጋር አልተወለደም። ማክስዌል ማልትዝ የተባለ አሜሪካዊ የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪም ታካሚዎቹ አዲስ ፊታቸውን ለመልመድ ቢያንስ 21 ቀን ያህል እንደሚፈጅባቸው እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተመው መጽሐፍ ጽፎ ነበር፤ "ቢያንስ" የምትለዋ ቃል መንገድ ላይ ጠፋች። በኋላ በለንደን 96 ሰዎችን የተከታተሉ ተመራማሪዎች ያገኙት መካከለኛ ቁጥር 66 ቀን ነው፤ ግምታቸው እንደ ሰውየውና እንደ ልማዱ ከ18 እስከ 254 ቀን ይደርስ ነበር። በዚሁ ጥናት አንድ ቀን መዝለል ልማዱን እንዳላፈረሰው ታይቷል፤ የእናቴ ዶሮ ብቻውን ጥፋተኛ አልነበረም ማለት ነው። ከመስከረም 1 ቢቆጠር 66ኛው ቀን ኅዳር 6፣ ቁስቋም ላይ ይውላል። እስከዚያ ድረስ ዶሮው፣ ቅርጫውና የመስቀል ክትፎ በመንገዱ ላይ ተሰልፈው ይጠብቃሉ። ለጅማሬ ከዚህ የባሰ ቀን መምረጥ ይከብዳል።

ሐኪሞች ከክብደት 5 በመቶ መቀነስ ብቻውን ለደም ስኳርና ለደም ግፊት ይጠቅማል ይላሉ። ለ84 ኪሎ ሰው 4 ኪሎ ገደማ መሆኑ ነው። እኔ በጥቅምት፣ በዓል በሌለበት አንድ ተራ ማክሰኞ፣ ሻይዬ ላይ የማደርገውን ሦስት ማንኪያ ስኳር ወደ አንድ አወረድኩ። ቀጥሎ የእራት እንጀራዬን በግማሽ ቀነስኩ። ለማንም አልተናገርኩም፤ ስለዚህ "ነገ ትጀምራለህ" የሚለኝም አልተገኘ። ዘንድሮ ያው ልጅ ዘንድ ሄጄ ስመዘን "81" አለኝ፤ ጫማዬን አላወለቅኩም ነበር።