የመርሳት በሽታ መድኃኒትና የፀጉር ቀለም፦ ተረቱና እውነታው

ለመርሳት በሽታ መድኃኒት የጀመሩ አዛውንት ሽበታቸው ከጠቆረ «ወጣትነታቸው ተመለሰ»፣ ፀጉራቸው ከቀላ ደግሞ «መድኃኒቱ መርዝ ሆነባቸው» ብሎ መደምደም ይቀናናል። ሁለቱም ችኮላ ነው። ከቆዳ በላይ የወጣ ፀጉር ሕይወት የለውም። ቀለሙን የሚያገኘው ሥሩ ላይ ካሉ ሕዋሳት ነው፤ የሚያድገውም በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ባለፈው ሳምንት የተጀመረ ክኒን የፀጉሩን ጫፍ አይለውጥም። በሐረርጌ ከተሞች፣ በጭሮም ይሁን በሂርና፣ በገለምሶም ይሁን በበዴሳ፣ ቤተሰብ በመጀመሪያ ጆሮ ግንድ አካባቢ ያለውን ፀጉር ከፈል አድርጎ ሥሩን ይመልከት። ሥሩ ነጭ፣ ጫፉ ብርቱካንማ ከሆነ ሂና ሳይሆን አይቀርም። በሐረርጌ አዛውንቶች ጢማቸውን በሂና ማቅላታቸው የቆየ ልማድ ነው፤ የሚረሱ ሰው ደግሞ መቼና ማን እንደቀባቸው ላያስታውሱ ይችላሉ። የተለወጠው ሥሩ ከሆነ ግን ነገሩ የሰውነት ጉዳይ ነውና መመርመር ይገባል።

«መድኃኒት የፀጉርን ቀለም ይለውጥ የለ?» የሚል ሰው ትክክል ነው። ለወባ የሚሰጠው ክሎሮኪን ለረዥም ጊዜ ሲወሰድ ፀጉርን ሊያነጣ ይችላል። የደም ካንሰር መድኃኒት የሆነው ኢማቲኒብ ደግሞ ሽበትን እንዳጠቆረ እ.ኤ.አ. በ2002 ተዘግቧል፤ ከ133 ታካሚዎች በ9ኙ ላይ ታይቷል። የመርሳት በሽታ መድኃኒቶቹ ዶኔፔዚልና ሜማንቲን ግን በዚህ አይታወቁም። ከዶኔፔዚል በብዛት የሚጠበቀው ማቅለሽለሽ፣ ተቅማጥና የምግብ ፍላጎት መቀነስ ነው፤ የልብ ምትን አዘግይቶ ራስን ሊያስትም ይችላል። ሊያሳስበን የሚገባው ይህ ነው።

ከሁሉ በላይ እንዳይዘነጋ የምፈልገው፣ መርሳትንም የፀጉር ለውጥንም በአንድነት የሚያመጡ ሕመሞች መኖራቸውን ነው። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት አእምሮን ያደበዝዛል፣ የፀጉርንም ቀለም ይለውጣል። ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል ሳያገኙ በማሽላና በበቆሎ ብቻ የሚኖሩ አረጋውያን፣ እንዲሁም ለስኳር በሽታ ሜትፎርሚን ለዓመታት የወሰዱ ሰዎች ይበልጥ ይጋለጣሉ። የእንቅርት ዕጢ ሥራ መድከምም ያስረሳል፣ ፀጉርን ያደርቃል፣ ያሳሳል። ሁለቱም በደም ምርመራ ይለያሉ፤ ሕክምናም አላቸው። «ታዲያ እስኪጣራ ክኒኑ ቢቆምስ?» ለሚለው፣ ዶኔፔዚልን በድንገት ማቋረጥ መርሳቱን ሊያባብስ ስለሚችል፣ በፀጉር ቀለም ብቻ በራስ ውሳኔ ማቆም አይገባም። ይልቅ የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ሁሉ ከነማሸጊያቸው ይዞ ሐኪም ዘንድ መሄድ፣ ሂና ተቀብተው ከሆነም አብሮ መናገር ነው።